ደብተሯን አስረክቢ የተባለችው ልብስ ሰፊ
አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ እግዜር መርፌም አንደበትም አልነፈጋትም። የደንበኞቿን ልክ ሁሉ የጻፈችው በአንድ ደብተር ላይ ነው፤ እሱ ከጠፋ እንጀራዋም አብሮ ጠፋ።

አንድ ቀን የንግድ ሹሙ ባለሱቆቹን ሰበሰበና፣ «የወረቀት ዘመን አበቃ! ከዛሬ ጀምሮ መዝገባችሁ ሁሉ ክላውድ በሚባለው የኢንተርኔት ማከማቻ ይቀመጣል፤ እዚያ አይቃጠል፣ አይጠፋ። ደብተሩን ያላስረከበ ሱቁ ይታሸጋል» አለ።

ሴትዮዋ ደብተሯን ታቅፋ ቀረበች። «እሺ ጌታዬ። ነገ አላስረከብሽም ብባልስ፣ ማስረጃዬ ምንድን ነው?»

«ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እንሰጥሻለን። አደራ፣ እሱን ከጣልሽ አናውቅሽም!»

ሴትዮዋ ደብተሯን መልሳ በነጠላዋ ሸፈነችው።

«ውይ ጌታዬ! ወረቀትን አሁን ቀበሩት፤ ከለቅሶው ሳንነሳ ደግሞ ለምስክርነት ይጠሩታል?»