የባላምባራስ ውብነህ ጎተራ

ሥራ አዝዞ ጥላ ሥር የሚቀመጥ አለቃ አጋጥሟችሁ አያውቅም? አትዋሹ! ዛሬ በየስብሰባው ለጌጥ የምትጠቅሷት ተረት የወጣችው እንዲህ ካለው አለቃ ደጅ ነው።

ወንዙ ዳርቻውን እየናደ ቢያስቸግር፣ ባላምባራስ ውብነህ የአገሩ ዘር የሚቀመጥበት ትልቁ ጎተራቸው ወደ ኮረብታው እንዲዛወር አዘዙ። ሥራውን ለምስለኔያቸው ለገሠሠ ሰጡና ካባቸውን ደርበው ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ምስለኔ መሆን እንዲህ ነው፤ ቢሳካ ምስጋናው ለጌታው፣ ቢከሽፍ ወቀሳው ለእሱ።

ዘሩ ቀድሞ ወጥቶ ኮረብታው ላይ ሰሌን ተነጥፎለት ተከምሯል። ሰማዩ ጠቁሯል። ጎተራው ሳይደርስ ዝናቡ ከቀደመ ለከርሞ የሚዘራ የለም።

የአገሩ ወንዶች ትከሻቸውን ጎተራው ከተቀመጠበት አግዳሚ እንጨት ሥር አስገቡ። በዚያ አገር ከባድ ነገር ሲነሣ ተሸካሚ ይጠይቃል፣ ባለቤት ይመልሳል። መልሱ መሐላ ነው፤ ሰው ቢጨፈለቅ ደሙ በመላሹ ላይ ነው።

«የማን ነው?»

«የባላምባራስ ነው!» አለ ገሠሠ።

ጎተራው ንቅንቅ አላለም።

«የባላምባራስ ነው እኮ! በርቱ እንጂ፣ እናንተ የገንፎ ጀግኖች!»

«አፋቸውን አዋሱህ እንጂ ትከሻቸውን አላዋሱህም!» አለ አንዱ ከሥር። ሳቁበት።

የመጀመሪያዋ ጠብታ ገሠሠ እጅ ላይ አረፈች። ወደ ዋርካው ሮጠ።

«ጌታዬ፣ እኔ ብጮህ አይነሣም።»

«ሥልጣን ሰጥቼህ የለም እንዴ?»

«ሥልጣኑንስ ሰጥተውኛል፤ ጎተራው ግን የእርስዎ ነው።»

ባላምባራስ በቁጣ ተነሡ። ሰማዩን አዩ። ካባቸውን ወርውረው ወረዱና ትከሻቸውን ከገበሬዎቹ መካከል ከአግዳሚው ሥር ሰደዱ።

«የማን ነው?»

«የእኔ ነው! ቢወድቅ በእኔ ላይ ይውደቅ!»

ያን ጊዜ ቤት የሚያህለው ጎተራ ከመሬት ተላቀቀ። ገሠሠ ዓይኑን ማመን አቃተው። ያው ሰው፣ ያው ትከሻ፣ ያው እንጨት! ጎተራው እግር እንዳበቀለ ፍጥረት ዳገቱን ወጣ። ኮረብታው ላይ የሚጠብቁት ሴቶች ዘሩን እያፈሱ ወደ ጎተራው ሮጡ።

የመጨረሻው ዘር ገብቶ ክዳኑ ሲገጠም ዶፉ ወረደ። ባላምባራስ እያለከለኩ ሕዝቡ ላይ ጮኹ፤ «ለገሠሠ ለምን ለገማችሁ? ተናገሩ!»

ከሴቶቹ ጋር ዘሩን ስታስገባ የነበረችው አሮጊቷ እሜቴ ስኂን ወደ ፊት ወጣች።

«ይልቅስ እርስዎ ይናገሩ! ዋርካው ሥር ተቀምጠው ማንን ይጠብቁ ነበር? ውሸት ተናግሬ እንደሆነ እዚሁ ሕዝብ ፊት ይመልሱልኝ፣ ባላምባራስ፤ ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም!»