የሶስና የመጨረሻ ንባብ

የሞተ ሰው «ደህና ነኝ፣ አታስቢ» ብሎ ጽፎላችሁ ያውቃል? ለአጋታ ጽፎላታል።

አጋታ ጸጉሯ ጥቁር ሳለ ከእንድብር ወጥታ ጣሊያን አገር፣ ቶሪኖ ላይ የሸበተች ሴት ናት። ከታናሽ እህቷ ከሶስና ጋር አንድ ድረ ገጽ ነበራቸው፤ ለአገራቸው ካቶሊኮች የየእሑዱን የቅዱሳት መጻሕፍት ንባብ የሚያብራራ። አጋታ ከየመጽሐፉ እየለቀመች ትጽፋለች። ሶስና እዚያው እንድብር፣ ሳሎኗ ተቀምጣ፣ የአጋታን ጽሑፍ እያነበበች በስልኳ ትቀዳና ድረ ገጹ ላይ ትጭነዋለች። አድማጮቻቸው ብዙ አልነበሩም፤ የቁምስናው የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ዓይናቸው የደከመ መነኮሳት፣ መንገድ ላይ የሚውል አንድ የጭነት መኪና ሹፌር።

ሶስና ሞተች። ባሏ ፊልጶስ ቀበራት። ለአጋታ ግን አልነገራትም፤ ሰው አገር ብቻዋን ትደነግጣለች፣ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ የሚያረዳት ሰው እስኪገኝ ይቆይ ተባለ። አጋታ «የእሑዱ ንባብ ምን ዋጠው?» ብላ ስትጽፍ፣ ፊልጶስ በሟቿ ስልክ «ጉንፋን ይዞኝ ነው፤ ደህና ነኝ፣ አታስቢ» ብሎ መለሰላት። አጋታም «ዝንጅብል በማር ጠጪ» አለቻት። አፈር ለለበሰች።

መርዶውን ከሰማች በኋላ አጋታ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሶስና ከመሞቷ በፊት አንብባ የጫነችው፣ ገና ለአድማጭ ያልወጣ አንድ ገጽ አለ። እሱን መስማት።

«ገጽ ሆይ፣ ተከፈት» አለችው።

«የይለፍ ቃል አምጪ» አላት። የይለፍ ቃሉን የምታውቀው ሶስና ነበረች።

«እንግዲያው አዲስ የይለፍ ቃል ስጠኝ።»

«ኮድ አምጪ። ኮዱን የምልከው ወደ ሶስና ስልክ ነው።»

ስልኩ ደግሞ ተዘግቶ ከልብሷ ጋር ሣጥን ውስጥ ተኝቷል። ሣጥኑ ኩሩ ነው። «የሟች ሣጥን ተዝካሯ ሳይወጣ አይከፈትም» አለ። «ቁልፌ ፊልጶስ አንገት ላይ ነው።»

ሣጥን ስልክ አልሰጥም አለ፣ ስልክ ኮድ አልሰጥም አለ፣ ኮድ ሳይኖር የይለፍ ቃል አልመጣም አለ፣ ገጽ አልከፈትም አለ፣ አጋታም የእህቷን ድምፅ ሳትሰማ ቀረች።

ፊልጶስ ዘንድ ደወለች።

«እትዬ አጋታ! እንደምን ሰነበቱ? ብርዱ እንዴት ይዞዎታል?»

«ብርዱን ተወውና ሣጥኑን ክፈት።»

«ቄሳችን አባ እንድርያስ ሳይፈቅዱ? ሰው ምን ይለኛል? ተዝካሯ ሳይወጣ ልብሷን በረበረ አይሉኝም?»

«የሞተች ሴት ሆነህ ስትጽፍልኝስ ሰው ምን አለህ?»

ፊልጶስ ቁልፍ አልሰጥም አለ፣ ሣጥን ስልክ አልሰጥም አለ፣ ስልክ ኮድ አልሰጥም አለ፣ ኮድ ሳይኖር የይለፍ ቃል አልመጣም አለ፣ ገጽ አልከፈትም አለ፣ አጋታም የእህቷን ድምፅ ሳትሰማ ቀረች።

አባ እንድርያስ ዘንድ ደወለች።

«እማማ አጋታ፣ እኔ ለመፍቀድ ችግር የለብኝም» አሉ ቄሱ። «ግን ቤተ ዘመድ ቂም ይዞ የሟች ሣጥን ላይ እጁን አይዘረጋም። አስቀድመው ፊልጶስን ይቅር ይበሉት።»

«አባ፣ እርስዎስ መሞቷን ያውቁ ነበር?»

«የቀበርኳት እኔ ነኝ እኮ።»

«ቀብረዋት ሲመለሱ ‹የእሑዱ ማብራሪያ አልደረሰንም› ብለው ጻፉልኝ።»

«እንዳይጠረጥሩ ብዬ ነው… ለእርስዎው ብለን።»

አጋታ ስልኩን ዘግታ «ይቅርታ ሆይ፣ ውጪ» አለቻት። ይቅርታ ግን ጉሮሮዋ ላይ እግሯን ተክላ ቆመች።

ይቅርታ ከጉሮሮ አልወጣም አለች፣ አባ አልፈቅድም አሉ፣ ፊልጶስ ቁልፍ አልሰጥም አለ፣ ሣጥን ስልክ አልሰጥም አለ፣ ስልክ ኮድ አልሰጥም አለ፣ ኮድ ሳይኖር የይለፍ ቃል አልመጣም አለ፣ ገጽ አልከፈትም አለ፣ አጋታም የእህቷን ድምፅ ሳትሰማ ቀረች።

ከዚህ ወዲያ የምትሄድበት አልነበራትም። ተመልሳ ለፊልጶስ ደወለችለት።

«ስማኝ። እንዳንተ መዋሸት ባውቅ ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ ሣጥኑን አስከፍትህ ነበር። አላልኩም፤ አልልምም። ድምፅዋን ግን ስጠኝ።»



«እትዬ፣» አለ ፊልጶስ፣ «የአባ ፈቃድ ሰበብ ነው። ድምፅዋን መስማት ፈርቼ ነው። ያንን ገጽ ስታነብ አጠገቧ ነበርኩ።»

ከዚያ በስልኩ ውስጥ የቁልፍ ድምፅ ተሰማ።

ፊልጶስ አባን ሳይጠይቅ ቁልፉን ሰጠ፣ ቁልፉ ሣጥኑን ከፈተ፣ ሣጥኑ ስልኩን ሰጠ፣ ስልኩ ኮዱን ሰጠ፣ ኮዱ የይለፍ ቃሉን አመጣ፣ ገጹም ተከፈተ፣ አጋታም የእህቷን ድምፅ ሰማች።

ሶስና እየሳለች ታነባለች። የጠፋው ልጅ ሲመለስ ተቆጥቶ ግብዣው ላይ አልገባም ስላለው ታላቅ ወንድም ነው፤ አጋታ ራሷ የጻፈችው። መሐል ላይ ትንፋሽ አጠራት። «ፊሊ፣ ውሃ አቀብለኝ» አለች። «እንኪ የኔ እመቤት፣ ቀስ ብለሽ» አለ የፊልጶስ ድምፅ። ጠጣች፤ ንባቡን ቀጠለች፤ እስከ መጨረሻው አደረሰችው።

አጋታ ገጹን ለአድማጭ አወጣችው። ሳሉንም፣ ውሃውንም አልቆረጠችም።

አባ እንድርያስ ሰምተው ደወሉ። «እሰይ እማማ! እንግዲህ ታረቃችሁ ማለት ነው?»

«አልታረቅንም አባ። ፊልጶስንም፣ እርስዎንም፣ ማንንም ይቅር አልልም።»