ሐጂ ሙዘይን እና ትንሿ መስታወት

በግንብ በታጠረች አንዲት የድሮ ከተማ ሐጂ ሙዘይን የሚባሉ ልብስ ሰፊ ሽማግሌ ነበሩ። ሐጂ ከሶላት በፊት በሚያደርጉት ትጥበት፣ በውዱእ ላይ ይቆያሉ። እግራቸውን ካጠቡ በኋላ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጠው ትንሽ መስታወት ከኪሳቸው ያወጡና ውስጥ እግራቸውን ያያሉ፤ በጣቶቻቸው መሃል ይዳብሳሉ። በየሶላቱ እንዲሁ ነው። ተራ የሚጠብቀው የመስጊዱ ጀመዓ መጀመሪያ ታገሠ፣ ቀጥሎ አጉረመረመ። የሰው ዒባዳ፣ አምልኮውን፣ ለመመርመር መቼም ጊዜ አናጣም። ሽማግሌውን ወስዋስ ይዟቸዋል፣ ውዱኣቸውን ማመን አቅቷቸዋል ተባለ።

ፊት ለፊት የነገራቸው አብዱልመናን የሚባል እህል ነጋዴ ነው። ሰው እየሰማ፣ «ሐጂ፣ ወስዋስ ከሸይጧን ነው፤ ይተዉት» አላቸው።

በዚያ ከተማ ስኳር አለብኝ ማለት እንደ ነውር ይታይ ነበር። ሐጂ ዝም ቢሉ ሕመማቸው ተሸፍኖ ይቀር ነበር። እሳቸው ግን ስኳር ከያዛቸው አሥራ አንድ ዓመት እንደሆነ፣ እግራቸው ደንዝዞ እሾህ ቢወጋቸው እንደማይሰማቸው፣ ሐኪሙም በየቀኑ ይዩት እንዳላቸው ተናገሩ። ረሺ ስለሆኑም ነገሩን ከውዱእ ጋር አስተሳስረውታል።

የአብዱልመናን ፊት ተለወጠ። እሱም ስኳር ነበረበት። ከሁለት ዓመት በፊት ሲነገረው ከሚስቱ እንኳ ደብቆ፣ በአላህ ተመክቻለሁ ብሎ ክኒኑን ትቶታል። ሰው ሲበተን ጠጋ ብሎ መስታወቷን ለመናቸው። ቀኝ እግሩን ቢያይ ተረከዙ አጠገብ መግል የያዘ ቁስል አገኘ። ከመቼ ጀምሮ እንደነበረ አያውቅም።

«አልተሰማኝም» አለ በፍርሃት። «ሐጂ፣ ዱዓ ያድርጉልኝ።»

«አደርጋለሁ፤ ወደ ሐኪም ቤት እየሄድን።»

ሐኪሙ ጥቂት ቀን ቢዘገይ ኖሮ እግሩ ይቆረጥ እንደነበር ነገረው። ቁስሉ ከሁለት ወር በኋላ ዳነ፤ ክኒኑንም ከዚያ ወዲህ ሚስቱ እያየች ይውጥ ጀመር።

ኋላ ላይ ሰዎች ሐጂን በሰው ፊት ሲነኩ ለምን እንዳልተቆጡ ጠየቋቸው። መልሳቸው አጭር ነበር፦ «እግሬ አማና ነው፤ የአላህ አደራ። አማናውን ዞር ብሎ ያላየ ሰው፣ ጠብቄያለሁ አይልም።»

አብዱልመናን በቀን አምስት ጊዜ ያንን እግር አጥቧል፤ አንድም ቀን አላየውም። ብዙዎቻችን ቸልታችንን ተወኩል፣ በአላህ መመካት፣ ብለን እንጠራዋለን። እኔ ራሴ የደም ግፊት ክኒኔን ሳልውጥ ስለ ተወኩል ሁለት ጊዜ የጁምዓ ስብከት፣ ኹጥባ፣ አድርጌያለሁ። አላህ ይማረኝ። ዛሬ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ውጫለሁ።