ጃርቱን ማን ሸኘው?

ነይ ወለላ፣ እዚህ ጉልበቴ መካከል ተቀመጪ፤ አንገትሽን አታወዛውዢ። ይርጋ፣ አንተም ያንን በር መነቅነቅ ተው፤ ተቆልፏል አልኩህ እኮ። እኔ «ተረት ተረት» ስል ዛሬ «የእንግዳ ቤት» ብላችሁ ተቀበሉኝ። «የላም በረት» የምትሉትን ለሌላ ቀን አቆዩት።

ተረት ተረት።

የእንግዳ ቤት።

እንዲህ ነው። ይቺን ተረት የነገረችኝ አያቴ ድንቄ ናት። እሷም እንደዚሁ ጉልበቷ ሥር አስቀምጣኝ፣ ጠጉሬን በዚችው በጃርት እሾህ ወስፌ እየከፈለች ነበር የምትነግረኝ። ያን ጊዜ የግቢያችን አጥር ቀጋና ግራር ነበር። በሩም ሲመሽ ጎትተን የምንደፍነው የእሾህ ክምር ነው፤ እሱም ለአውሬ እንጂ ለሰው አልነበረም። ሰው ከሆነ ከውጭ «የመሸብኝ ነኝ» ይላል፣ ከውስጥ «ቤት ለእንግዳ» ይባላል፣ አለቀ። «ማነህ፣ ከወዴት ነህ» የሚባለው እግሩ ከታጠበ በኋላ ነበር። ዛሬ እንኳን እንግዳው እኔም ከገበያ ስመለስ በገዛ ልጄ በር ላይ «ማን ልበል?» እባላለሁ። ደጉ ዘመን፣ ወዴት ሄደ? ይሁን፤ ወደ ተረቴ ልመለስ።

በድሮ ዘመን፣ ስሙን አያቴም ባልነገረችኝ አገር፣ አንድ ለምለም ሸለቆ ነበረ። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላ በኩል ወንዝ ያዋስነዋል፤ ከወንዙ ማዶ ቆላ ነው። በሸለቆው ውስጥ አያ ከርከሮ፣ አያ ጎሽ፣ ሽኮኮ፣ እመት ጦጣ፣ አያ ጅቦም ሳይቀር ይኖሩ ነበር። ከማዶ የመጣ አውሬ ወንዙን ተሻግሮ «የመሸብኝ ነኝ» ሲል፣ ቅርብ ያለው «ቤት ለእንግዳ» ይለዋል። ሌላ ወግ አልነበራቸውም።

ታዲያ አንድ በጋ ማዶ ያለው ቆላ በሰደድ እሳት ነደደ። ሣሩም ዛፉም ዐመድ ሆነ። ከእሳት የተረፈው ሁሉ ወንዙን እየተሻገረ መጣ።

በዚያ ሰሞን አመሻሹ ላይ አንድ ሽማግሌ ጃርት እየተንገዳገደ አያ ከርከሮ ደጅ ደረሰ። እሾሁ ግማሹ ተለብልቧል።

«የመሸብኝ ነኝ» አለ።

«ቤት ለእንግዳ» አለው አያ ከርከሮ፤ የማይኖርበትን አሮጌ ጉድጓዱንም ሰጠው።

ይህ ጃርት ሰው አይመቸውም ነበር። ሲያመሰግን እንኳ ያጉረመርማል፣ ቀረብ ሲሉት እሾሁን ያቆማል። ስለዚህ ጎረቤት ሳያበጅ ብቻውን ኖረ። ከእሱ ቀጥላ እመት ሚዳቋ ከግልገሏ ጋር መጣች። እሷንም አያ ከርከሮ «ቤት ለእንግዳ» አላትና ደጁ ላይ አደረች፤ አድራም አልቀረች፣ ሰነበተች። አያ ከርከሮ ሚስቱ ሞታበት ልጆቹን ብቻውን ነበር የሚያሳድገው። እሱ አቀርቅሮ ሥር ሲቆፍር ሚዳቋ ጆሮዋን አቁማ ትጠብቃለች፤ ነብር ከሩቅ ሲሸታት መሬቱን በእግሯ ደብደብ ታደርጋለች፣ ግልገሎቹም እየተጋፉ ጉድጓድ ይገባሉ። ያን ዓመት ከአያ ከርከሮ ልጆች አንድም አልጎደለበትም።

ቀጥሎ ዝናቡ ዘገየ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሣሩ ሳስቷል። አያቴ ይህን አትደብቅም ነበር፤ «ሣር በደግነት አይረዝምም» ትላለች። የሸለቆው አውሬም ማጉረምረም ጀመረ፣ በመጨረሻም ዋርካው ሥር ሸንጎ ተጠራ። ዳኛዋ እመት ጦጣ ናት። ዳኛ ያደረጋት ብልሃቷ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ ቅርንጫፍ ላይ በመቀመጧ ይመስለኛል።

ከሁሉ አብልጦ የጮኸው አያ ከርከሮ ነበር። «ቤት ለእንግዳ ማለት ለማደሪያ ነው እንጂ ለመክረሚያ ነው እንዴ? እኔ የምቆፍረው ሥር አልቆ ድንጋይ ላይ ደርሻለሁ። ከእሳቱ ወዲህ የመጣ ሁሉ ይውጣ!»

«ይውጣ!» አለ ሸንጎው።

«መልካም» አለች እመት ጦጣ፣ «ሕጉ ጸድቋል። ማን ያስወጣቸው?»

አያ ጎሽ እግሩን እንደሚያመው ተናገረ። ሽኮኮ ትንሽ መሆኑን አስታወሰ፤ አያ ከርከሮም የልጆች አባት እንደሆነ። ይውጣ ማለት አፍ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ማስወጣት ግን ፊት ለፊት መተያየትን ይጠይቃል። ይሄኔ ከኋላ አያ ጅቦ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እኔ ልሸኛቸው» አለ በትሕትና። «ደመወዝም አልፈልግም። ለአገር ነው።»

«ተባረክ አያ ጅቦ» አሉት ሁሉም፤ ከልባቸው ነው ያሉት። ደመወዝ የማይፈልግ ጅብ ሲያጋጥም ሰው ቆም ብሎ ማሰብ ነበረበት። ግን ማን ያስብ? ሁሉም ከጭንቁ ስለገላገላቸው ደስ ብሏቸዋል።

አያ ጅቦ ሥራውን ጀመረ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የቆቅ ቤተሰብ ወሰደ። ጠዋት ሲጠይቁት፣

«እስከ ወንዙ ሸኘኋቸው፤ በደህና ተሻገሩ» አለ።

«ተባረክ አያ ጅቦ።»

በማግስቱ ጥንቸሏን ወሰደ። ጠዋት ሲጠይቁት፣

«እስከ ወንዙ ሸኘኋት፤ በደህና ተሻገረች» አለ።

«ተባረክ አያ ጅቦ።»

በዚያ ሣር በጠፋበት ወራት አያ ጅቦ ቆዳው ያብለጨልጭ ጀመር። ሽኝት እንዲህ ያወፍራል እንዴ ብሎ የጠየቀ የለም።

ከዚያ የጃርቱ ተራ ደረሰ። ያን ዕለት አያ ከርከሮ ደጁ ላይ ነበር። ጃርቱ አያ ጅቦን አስከትሎ በፊቱ ሲያልፍ ቆም አለ።

«አያ ከርከሮ፣ ደህና ሁን። ጉድጓድህን ጠርጌልህ ነው የወጣሁት» አለው። ያጉረመረመም አይመስልም ነበር።

ያን ጊዜ ከርከሮ እንደማንኛውም አውሬ በጭንቅላቱ ነበር ጉድጓድ የሚገባው። ዞር አለና ጭንቅላቱን አስቀድሞ ገባ፤ ጀርባውን ለጃርቱ ሰጠ። አያቴ እዚህ ስትደርስ ወስፌውን ጠጉሬ ላይ ታሳርፈው ነበር።

ጠዋት አያ ጅቦ ጉንጩ አብጦ መጣ። «እስከ ወንዙ ሸኘሁት፤ በደህና ተሻገረ» አለ አፉን ሳይከፍት። «ጥርሴን አሞኝ ነው።»

«እግዜር ይማርህ» አሉት።

ቀናት አለፉና አያ ጅቦ ከርከሮ ደጅ ብቅ አለ፤ ጉንጩ ገና አልጎደለም።

«እንዴት ዋልክ አያ ከርከሮ? ደጅህ የእንግዳ ሽታ ይሸተኛል።»

«የልጆቼ ሽታ ነው።»

«የልጆችህ ሰኮና እንዲህ ቀጭን ነው እንዴ? ይሄ የሚዳቋ ዱካ ነው። ሕግ ሕግ ነው ወንድሜ፤ ያወጣኸውም አንተው ነህ። ነገ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጥቼ ከነግልገሏ እሸኛታለሁ።» ይህን ብሎ ሄደ።

እመት ሚዳቋ ከነግልገሏ ከተደበቀችበት ጉድጓድ ሁሉንም ሰምታለች። «አያ ከርከሮ» አለችው፣ «እኔ እሄዳለሁ፣ አላስቸግርህም። ግልገሌን ብቻ አስቀርልኝ። ገና ሣር መጋጥ መጀመሩ ነው፤ በዐመድ ላይ ምን ይበላል?»

«ዝም በይ» አላት። የተቆጣ ለመምሰል ፈልጎ ነበር።

ወዲያው ወደ ዋርካው ገሰገሰ። «እመት ጦጣ» አለ፣ «ሕጉ ሕግ ነው፤ እኔም አልክድም። ግን የኔዋ እንደሌሎቹ አይደለችም።»

እመት ጦጣ ከት ብላ ሳቀች። «ትናንት አያ ጎሽ ስለዚያች መዥገር ስለምትለቅምለት ነጭ ወፍ ምን አለኝ መሰለህ? ‹የኔዋ እንደሌሎቹ አይደለችም።› ዛሬ ጠዋት ሽኮኮ ስለ እባብ አዳኙ ፋሮ ምን አለኝ? ‹የኔው እንደሌሎቹ አይደለም።› ሸንጎ ላይ ሁላችሁም ይውጡ ትላላችሁ፣ ጓዳ ለጓዳ ሁላችሁም ትለምኑኛላችሁ። ነገ ጠዋት እዚሁ ተነሥና ይህንኑ በሁሉም ፊት ተናገር።»

«እንዴት አድርጌ? ይውጡ ያልኩት እኔው ነኝ እኮ።»

«ለዚህ እኮ ነው አንተ ጀምር የምልህ።»

በማግስቱ ሸንጎው ተሰበሰበ። አያ ጅቦም ለምሽቱ ተራ መጥቶ ከኋላ ተቀምጧል። አያ ከርከሮ ተነሣ፤ ጆሮው ድረስ አፍሯል።

«የኔዋ ሚዳቋ እንደሌሎቹ አይደለችም። ልጆቼ በሕይወት ያሉት በእሷ ነው» አለ።

አንዳንዱ ሊስቅ ሲል አያ ጎሽ ተነሣ። «የኔዋም ወፍ እንደሌሎቹ አይደለችም።» ሽኮኮ ተነሣ። «የኔው ፋሮም እንደሌሎቹ አይደለም።» እየተነሡ እየተነሡ የማይነሣ ጠፋ። ለካ በየጓዳው ያልተደበቀ እንግዳ የለም።

«እንግዲያው እነዚያ ‹ሌሎቹ› የምትሏቸው የታሉ?» አለች እመት ጦጣ።

ሽኮኮ ቀስ ብሎ፣ «ጃርቱ ነበር» አለ። «‹የኔው› የሚለው አልነበረውም።»

አያ ከርከሮ ወደ ኋላ ዞረ። «አያ ጅቦ፣ ጃርቱን የት አደረስከው?»

«እስከ ወንዙ ሸኘሁት፤ በደህና ተሻገረ።»

«እስቲ አፍህን ክፈት።»

«ጥርሴን አሞኛል አልኩ እኮ።»

«እናይልሃለን» አለው አያ ጎሽ፤ የታመመ እግሩ ድኖለት መውጫው ላይ ቆሟል። አያ ጅቦ አማራጭ አጣና አፉን ከፈተ። ድዱ ውስጥ ጥቁርና ነጭ የጃርት እሾህ ተሰክቶ ነበር።

ሁሉም ተያይዘው ወደ ወንዙ ወረዱ። ከወንዙ ወዲህ ቁጥቋጦው ሥር የቆቅ ላባ አገኙ፣ የጥንቸል ጅራት አገኙ፣ የጃርት እሾህም ተበትኖ አገኙ። መሻገሪያው ጭቃ ላይ ግን የአንድም አውሬ ዱካ የለም። ያ ሁሉ ተሻገረ የተባለ እንግዳ ውኃውን አልነካም።

«ምን ታፈጣላችሁ?» አለ አያ ጅቦ። «‹ይውጡ› አላችሁ፣ አወጣሁ። ስመለስ ‹ተባረክ› አላችሁ። ወዴት አደረስካቸው ብሎ ጭቃውን ሊያይ የመጣ ከእናንተ አለ?»

ጅብ ሌባ ቢሆንም አንዳንዴ እውነት ያመልጠዋል። አያ ጎሽ በቀንዱ እየገፋ ገደሉን አሻግሮ አባረረው፤ ከዚያ ወዲህ ጅብ በቀን ፊቱን አያሳይም።

ሸንጎው ተመልሶ ሲቀመጥ «እንግዲህ በሩን እንክፈተው፣ የመጣ ሁሉ ይግባ» ያለም ነበር፤ «ሣሩስ?» ያለም ነበር። ሲከራከሩ ዋሉ። በመጨረሻ እመት ጦጣ እንዲህ ስትል በየነች። የመጣ ሁሉ ዋርካው ሥር በቀን ይጠየቅ፣ ታሪኩም ይሰማ። ሣሩ አልበቃ ብሎ ይውጣ የሚባልም ካለ፣ «ይውጣ» ያለው ራሱ ከአጠገቡ እየሄደ ይሸኘው። እስከ ማዶ ይሸኘው፤ ሲመለስም የማዶውን ጭቃ በእግሩ ይዞ ለሸንጎው ያሳይ።

ከዚያ በኋላ የወጣ አልነበረም አልላችሁም፤ ውሸት ይሆንብኛል። ነገር ግን መንገዱ ረጅም ነው፣ ሸኚና ተሸኚ ጎን ለጎን ሲሄዱ ደግሞ መጨዋወት አይቀርም። ግማሽ መንገድ ደርሰው ተያይዘው የተመለሱ ብዙ ናቸው። ሸንጎ ላይ «ይውጣ» እያለ የሚጮኸውም እየሳሳ ሄደ።

እመት ሚዳቋ ከግልገሏ ጋር እዚያው ቀረች። አያ ከርከሮ ከጭቃው ላይ አንዲት እሾህ አንሥቶ አሮጌው ጉድጓድ ደጃፍ ላይ ሰካት። ጉድጓዱ ጃርቱ እንደጠረገው ነበር። ማንም አልገባበትም፤ አያ ከርከሮ ግን በየማለዳው ይጠርገዋል።

ወለላ፣ ምን አልሽ? ጃርቱ አልተመለሰም ወይ? አልተመለሰም ልጄ። እኔም በአንቺ ዕድሜ አያቴን እንዲሁ ጠይቄያት፣ እንዲሁ ነው የመለሰችልኝ፤ አልቅሼም ነበር። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ገጠር ወርደሽ ከርከሮ ሲመሽበት ካየሽ፣ ጉድጓዱ የሚገባው ወደ ኋላው ነው። ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ፣ ደጁን እያየ ነው የሚገባው። ከዚያን ቀን ወዲህ ለሚያልፍ ጀርባውን ሰጥቶ አያውቅም።

በይ ተነሺ፣ ጠጉርሽ ተሠርቶ አልቋል። ይርጋ፣ ያ በር ተንኳኳ መሰለኝ፤ «ማን ልበል» እንዳትል፣ ከፍተህ እይ። ተረቴን መልሱ፣ ወስፌዬን ለልጅ ልጅ አውርሱ። አያቴም ወስፌዋን ጠጉሯ ውስጥ እየሰካች እንዲህ ብላ ትጨርስ ነበር፦

«ይውጣ» ባይ ራሱ ይሸኝ፤ ሽኝት ለጅብ አይሰጥም።