የይልቃል ዝግባና አምስቱ እምቢታ

ስሙኝማ፣ ስለ አንድ ዝግባ ልንገራችሁ።

ይልቃል የሚባል ጎልማሳ ነበር። ጓሮው ያለው ዝግባ ሥሩ በስብሶ ወደ ቤቱ ዘመመ። ቤቱ አንዲት ክፍል ናት፤ እናቱ እማማ ብርቄ አልጋ ይዘው የተኙት እዚያችው ውስጥ ነው። ክረምት ገባ። ንፋስ በመጣ ቁጥር ዛፉ ሲጢጥ ይላል።

"ልጄ፣ ይሄ ነገር ሊጫነኝ ነው" አሉ እማማ።

ይልቃል ወደ ባለመጋዙ ሮጠ። "ቁረጥልኝ!"

"ያለ ፈቃድ? ልታሳስረኝ ነው እንዴ?"

(ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዝግባ አገር በቀል ስለሆነ የተጠበቀ ነው። ጓሮህ ውስጥ ቢሆንም ከተማው ሳይፈቅድ አትነካውም።) ባለመጋዙ ዛፉን አልቆርጥ አለ።

ወደ ፈቃድ ሰጪዋ ሄደ። "ጋሼ፣ ባለሙያ ሳያየው?" አለች። ፈቃድ ሰጪዋ ፈቃዱን አልሰጥ አለች፤ ባለመጋዙ ዛፉን አልቆርጥ አለ።

ወደ ባለሙያው ሄደ። "የቀበሌ ደብዳቤ የታለ?" ባለሙያው ዛፉን አላይ አለ፤ ፈቃድ ሰጪዋ ፈቃዱን አልሰጥ አለች፤ ባለመጋዙ ዛፉን አልቆርጥ አለ።

ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ሄደ። "አዋሳኝህ ትፈርም።" (አዋሳኝ አጥር የሚጋራህ ጎረቤት ነው። ዛፉ በእሱ በኩል ቢወድቅስ? ለዚህ ነው።) ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን አልጽፍ አለ፤ ባለሙያው ዛፉን አላይ አለ፤ ፈቃድ ሰጪዋ ፈቃዱን አልሰጥ አለች፤ ባለመጋዙ ዛፉን አልቆርጥ አለ።

አዋሳኙ እትዬ አስካለ ናቸው። እዚህ ላይ የይልቃል እግር ከበደ። አምና የዚሁ ዝግባ ቅርንጫፍ ጣሪያቸውን ሲመታባቸው ቆርጠውት ነበር። የጠቆመባቸው ይልቃል ነው። ደንብ አስከባሪዎች ቅርንጫፉን አሸክመው በገበያ መሀል ሲነዷቸው፣ እሱ ቆሞ ሳቀ።

"እትዬ፣ ይፈርሙልኝ።"

"ዛሬ 'እትዬ' ሆንኩ? አምና 'ሕገወጥ' ነበርኩ! የሳቅህበት ገበያ ቆመህ አጥፍቻለሁ በል፤ ያኔ እፈርማለሁ።"

የይልቃል አፍ ይቅርታ አልል አለ፤ እትዬ አስካለ አልፈርም አሉ፤ ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን አልጽፍ አለ፤ ባለሙያው ዛፉን አላይ አለ፤ ፈቃድ ሰጪዋ ፈቃዱን አልሰጥ አለች፤ ባለመጋዙ ዛፉን አልቆርጥ አለ።

"ጎረቤት አልፈርም አለች" አላቸው ለእናቱ።

"አስካለ? ምን አድርገናት?"

ይልቃል ወደ ጓሮ ወጣ። ያን ቀን ምሳ አልበላም።

ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ እትዬ አስካለ ባሉበት ከሽንኩርት ነጋዴዎቹ መሀል ቆመ። "እትዬ አስካለ... አጥፍቻለሁ።"

"ጮክ በል ወንድሜ፣ አልሰማንም!" አለች አንዷ ሽንኩርት እየመዘነች።

ጮክ አለ። "አጥፍቻለሁ! ሕጉ አሳስቦኝ አልነበረም፤ በአጥር ተጣልተን ቂም ይዤ ነው። ሲነዷቸውም ስቄያለሁ።"

ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ዘረጋላቸው። እትዬ አስካለ ተቀበሉት።

እትዬ አስካለ ፈረሙ፤ ሊቀመንበሩ ጻፈ፤ ባለሙያው መጥቶ አየ፤ ፈቃድ ሰጪዋ ሰጠች፤ ባለመጋዙ ቆረጠ። ዝግባው ቤቱን ሳይነካ ጓሮው ላይ ተጋደመ።

እትዬ አስካለ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። "እናትህ አልደነገጡም?"

"ደህና ናቸው፣ እትዬ።"

ዛፉ ወድቋል፤ የይልቃል ዓይን ግን ከመሬት አልነሳ አለ።