በንዴት የተዘራ አሞጭ

አንድ አትክልተኛ በአንድ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ጥግ ይኖር ነበር። ስሙ ቢተው ይባላል። ጫካው መሀል ደብር አለ፤ የደብሩን ጎመን፣ ሽንኩርትና ጌሾ የሚንከባከበው እሱ ነበር። ሰዎች እጁን ያደንቁለታል፤ የነካው ሁሉ ይጸድቅለታል። ሚስቱ በወሊድ ሞታበት አንጓች የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ቀረችው። ያቺን ልጅ እንደ ዓይኑ ብሌን ይሳሳላታል።

በዚያ ጫካ ጥላ ሥር አሞጭ የሚባል ተክል ይበቅላል። አሞጭ ነገሩ ሁሉ ያስገርማል። በጋውን ሙሉ አፈር ውስጥ ተኝቶ ስለሚቆይ ከነጭራሹ ያለ አይመስልም። ዝናቡ አፈሩን ሲያርሰው ግን እንደ እባብ ቆዳ የተዥጎረጎረ አገዳ ይዞ ብቅ ይላል። አበባው ነጠላዋን እስከ ግንባሯ እንደተከናነበች ሴት አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ አገዳው ጫፍ ላይ ፍሬው እንደ በቆሎ ተደርድሮ ይቀላል፤ ዓይን ይስባል። መርዝ ነው። ከብት አይጠጋውም። የአገሩ ሰው «ጅብ የተኛበት ቦታ ነው የሚበቅለው» ይላል፤ «እባብ መርዙን የሚቀዳው ከሱ ነው» የሚልም አለ። እናቶች በአጠገቡ ሲያልፉ ምላስ ያስራል ብለው ወሬያቸውን ያቋርጣሉ።

ይህ ወሬ ቢተውን ያስቀው ነበር። አንድ የመስከረም ቀን ግን ሳቁ ጠፋ። አንጓች ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ሽንኩርት ሲኮተኩት ወደ ጫካው ገባ ብላ ያንን ቀይ ፍሬ ቀጥፋ አፏ ውስጥ ጨመረችው። ጩኸቷን ሰምቶ ሲደርስ ከንፈሯ አብጧል፣ ምላሷ አልታዘዝ ብሏታል። ሦስት ቀን ሙሉ ጥጥ በወተት እየነከረ አፏ ውስጥ ጠብ አደረገላት። በአራተኛው ቀን «አባዬ» ብላ ስትጠራው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ለቅሶውን እንደጨረሰ ዶማውን አንሥቶ ወጣ።

ከደብሩ ጀርባ አንዲት አሮጊት መነኩሲት ይኖሩ ነበር፤ እማሆይ ጥዑም ይባላሉ። ቢተው ላቡ እየተንጠባጠበ አሞጩን ሲከተክት አገኙት።

«ምን እየሠራህ ነው ልጄ?»

«ጠላቴን እየነቀልኩ ነው እማሆይ።»

«እሱ እግር የለው፤ ቤትህ ድረስ መጥቶ አልነካህ። ተወው፣ ለክፉ ቀን ይፈለጋል።»

«መርዝ ነው እኮ! ልጄን ሊገድልብኝ ነበር። መርዝ ለምን ይፈለጋል?»

«ለምን እንደሆነ ልንገርህ። እናቴ...»

«ይተዉኝ እማሆይ!» አለና ዶማውን አነሣ። መነኩሲቷም ወደ ጎጇቸው ተመለሱ።

ቢተው ያን ዓመት ያገኘውን አሞጭ ሁሉ ቆራረጠ። የቆራረጠውን በአካፋ እየዛቀ ከጫካው አፋፍ ቁልቁል ወደ ገደሉ በተነው። በሚቀጥለው ክረምት ግን አንድ በነበረበት ቦታ አምስት ቆሞ አገኘው። ቢተው በረታ፤ አሞጩም በረታ። በሦስተኛው ክረምት ከጫካው አፋፍ እስከ ወንዙ ድረስ ያለው ተዳፋት ሁሉ አሞጭ ለበሰ። ጎረቤቶቹ መሳለቂያ አደረጉት። «ቢተው ዘንድሮ አሞጭህ እንዴት ነው? ምርቱ ጥሩ ነው?» ይሉታል። እሱም እየተናደደ ዶማውን ሰቀለና ተወው።

በአራተኛው ዓመት ሰማይ ዘጋ። የበልጉ ዝናብ ቀረ፤ የክረምቱም ጀምሮ ተቋረጠ። የተረፈችውን ትንሽ ማሳ አንበጣ ወረዳት፤ አንበጣ የተወውን ዝንጀሮ ጨረሰው። ሰው ሥራ ሥር ፍለጋ ጫካ ሲገባ ጃርት ቀድሞት ቆፍሮታል። የደብሩ አትክልት ደርቆ አመድ መሰለ። ያ የነካው ሁሉ የሚጸድቅለት ሰው ልጁን የሚያቀምሳት አጣ። አንጓች ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። መጀመሪያ መጫወት ተወች፣ ከዚያ መነሣት ተወች፣ በመጨረሻ «ራበኝ» ማለቱንም ተወችው። ቢተው ከሁሉ ይልቅ የፈራው ይህን ዝምታዋን ነበር።

አንድ ጠዋት እማሆይ ጥዑም በራፉ ላይ ቆሙ።

«ዶማህ የት አለ?»

«ምን ሊያደርግልዎ ነው እማሆይ? ምን የሚቆፈር ነገር ቀረ?»

«አንተ የዘራኸው አለ» አሉት።

ወደ ተዳፋቱ ወረዱ። ምድሩ ራቁቱን ነው፤ አንዲት ቅጠል የለችበትም። እማሆይ በምርኩዛቸው ጫፍ አንድ ቦታ አመለከቱት። ቢተው ሲቆፍር የሰው ጭብጥ የሚያህል ሥር ወጣ። አጠገቡ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ጃርት በዙሪያው ጉድጓድ ምሷል፤ ደርሶበታል፣ አሽትቶታል፣ ጥሎት ሄዷል። አንዱም አልተነከሰም።

እማሆይ አንዱን ሥር አንሥተው አፈሩን አራገፉለት። በዙሪያው ሽንብራ የሚያካክሉ ትንንሽ ሥሮች ተለጥፈውበታል።

«እነዚህ ልጆቹ ናቸው» አሉት። «እናቲቱን በዶማ ስትመታት ልጆቿ ይበተናሉ። አንተ ደግሞ ሦስት ዓመት መታህ። ወደ ገደሉ የጣልከውን ጎርፍ ወስዶ ተከለልህ።»

ቢተው ቀና ብሎ ተዳፋቱን አየ። እስከ ወንዙ ድረስ፣ እያንዳንዷ ስንዝር መሬት ውስጥ እሱ የረገመው ነገር ተኝቷል። እዚያው ቁጭ አለ። ዕድሜውን ሙሉ ተክል ሲተክል የኖረ ሰው እንዲህ ያለ እርሻ አይቶ አያውቅም። ፈራ፤ ፍርሃቱ ግን ቤተ መቅደስ ሲገባ የሚሰማው ዓይነት ነበር።

«መርዙስ?» አለ።

«መርዙ ባይኖርማ ጃርት መች ይተውልህ ነበር? እናቴ በክፉ ቀን ይህን አብልታ ነው ያተረፈችኝ። የዚያን ጊዜ ልነግርህ የነበረው ይህንን ነው። አሠራሩ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። አንዷን ነገር ከዘለልክ ልጅህን ታጣታለህ።»

እማሆይ እየመሩት፣ እንዳያቃጥለው እጁን ቅባት ተቀብቶ ሥሩን በስሱ ከተፈ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣ፣ ፈጨ፣ ዘፈዘፈ፣ ውኃውን ደጋግሞ ደፋ። ከዚያም ከማለዳ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ እሳቱ ሳይጠፋ ቀቀለው። በዚህ ሁሉ ቀን አንጓችን በሕይወት ያቆዩዋት እማሆይ ከጎጇቸው ባመጡት አንድ ጭብጥ በሶ ነበር፤ በውኃ እያቀጠኑ በማንኪያ ያጎርሷታል። ያም አለቀ።

ገንፎው ሲደርስ ቢተው አስቀድሞ ራሱ ቀመሰ። ምላሱ ይቃጠል እንደሆነ ብሎ ጠበቀ። የቤቱ ጥላ ከደጁ እስከ አጥሩ እስኪደርስ ጠበቀ። ምንም አልሆነም። ልጁን ቀና አድርጎ አቅፎ ማንኪያውን ወደ አፏ አቀረበ። አንጓች ሽታውን አውቃው ከንፈሯን ገጠመች።

«አባዬ፣ ያ ነው አይደል?»

ሊዋሻት ፈልጎ ነበር፤ አልሆነለትም።

«አዎ የኔ ዓለም፣ ያ ነው።»

«ቀምሰኸዋል?»

«ቀምሼዋለሁ።»

ዓይን ዓይኑን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አፏን ከፈተች።

አንጓች ዳነች። አገሩም እማሆይ ባሳዩት መንገድ ከዚያ ተዳፋት እየቆፈረ ዝናብ እስኪመለስ ቆየ። ሲያሾፉበት የነበሩት ጎረቤቶች ዶማ ለመዋስ መጡ፤ እሱም አዋሳቸው። ዝናቡ ሲመለስ ቢተው በአትክልቱ ስፍራ ጥላ ካለበት ጥግ አሞጭ ተከለ፤ ልጆች እንዳይነኩትም አጥር አጠረለት። በየዓመቱ በመስከረም የመንደሩን ልጆች አጥሩ ዳር አቁሞ «አትንኩት፤ ግን አትንቀሉት» ይላቸዋል። አበባው አንገቱን ደፍቶ በሚቆምበት ወራት ግን እሱም ባርኔጣውን አውልቆ በፊቱ ይቆማል።

የታሪኩ ቁም ነገር ይህ ነው። ያቃጠለን ነገር ሁሉ ጠላታችን አይደለም። አንዳንዱ ነገር የሚመርረው ቀኑ እስኪደርስ ማንም እንዳይጨርሰው ነው፤ መራራነቱ የጎተራው መቆለፊያ ነው። ቁልፉም ቢተው አላዳምጥም ባላቸው ሰው እጅ ነበር። እሱ በንዴት የበተነውን ምሕረት አበቀለለት፤ ሁላችንም ግን እንዲህ ያለ ዕድል ላይገጥመን ይችላል።

አንተስ፣ አንቺስ፣ ዛሬ ዶማ ያነሣችሁበት ነገር ምንድን ነው? «ልንገርህ» ሲሏችሁ ያቋረጣችኋቸውስ እነማን ናቸው?