ያላዩትን ከርከዴ ያስገበሩት ቀኛዝማች

ተረት ተረት፤ የበጋ ጥላ፣ የክረምት እሳት።

በድሮ ጊዜ፣ በቆላው ወንዝ ዳር፣ ከልቱም የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ያላት አንድ የከርከዴ ማሳ ብቻ ነው። ቅጠሉን ወጥ ትሠራዋለች፤ ቀዩን ዘፍዝፋ ትጠጣዋለች፣ ገበያ አውጥታም ትሸጠዋለች።

ከደጋ ቀኛዝማች አግደው የሚባሉ ሹም መጡ። ታላቅ ሰው ነበሩ፤ ራሳቸው ስለነገሩን እናውቃለን። ቀዩን መጠጥ ቢቀምሱት ጣማቸው።

«ይህ ከምን ይገኛል?»

«ከከርከዴ አበባ» አላቸው አሽከራቸው። እሱም አይቶት አያውቅ።

ከልቱምን አስጠሯት። «አበባውን ሁሉ ትገብሪያለሽ። አንዲት ብትጎድል ማሳሽ የእኔ ነው!»

«ጌታዬ፣ ወርደው ቢያዩት…»

«ሹም ማሳ ለማሳ አይዞርም!»

«እሺ ጌታዬ።»

የረገፈውን አበባ ለቅማ በሰፌድ ወሰደች። ቀኛዝማች አፈሉት። የገረጣ ውሃ ሆነ። ታላቅ ሰው ናቸውና ጠጡት።

«አበባው ይቅር፤ ፍሬውን አምጪ!»

«ጌታዬ፣ ወርደው ቢያዩት…»

«ሹም ማሳ ለማሳ አይዞርም!»

«እሺ ጌታዬ።»

ቀዩን ልጣ ለራሷ አስቀረች፤ ፍሬውን ወሰደች። አፈሉት። የአቧራ ውሃ ሆነ። ጠጡት።

«እንግዲያው ቅጠሉን!»

አሁንስ መናገሩም ሰለቻት። ወሰደች። አፈሉት፤ ጠጡት። ጥርሳቸው ጠረሰ፣ ሆዳቸው ጮኸ።

ከልቱምን ጎትተው ሼህ ሙርሰል ከሚባሉ ዳኛ ፊት አቆሟት።

«ቀዩን ደብቃብኛለች! ማሳዋ ይፈረድልኝ። ብትረታኝ በቅሎዬን ትውሰድ!»

ከልቱም አንድ የከርከዴ ዘንግ አወጣች። «አበባ አሉ፤ ሰጠሁ። ፍሬ አሉ፤ ፍሬው ይኸው ከውስጥ ያለው ነው፣ ሰጠሁ። ቅጠልም አሉ፤ ሰጠሁ። ቀዩ ፍሬውን ያቀፈው ልባስ ነው። ልባሱን ማን ጠየቀኝ?»

ዳኛው አገላብጠው አዩት። «ቀኛዝማች፣ ይህን አይተውት ያውቃሉ?»

«ሹም ማሳ…» ብለው ሲጀምሩ ዳኛው አቋረጧቸው።

«የጠየቁትን ሁሉ ወስደዋል። ማሳው የእሷ፤ በቅሎይቱም የእሷ!»

አገሩ በእልልታ ተናወጠ። ከልቱም ዘንጉን ልጣ፣ ከልጡ ገመድ ገምዳ፣ በቅሎዋን አስራ ሳበች።

«ጌታዬ፣» አለች ዞር ብላ፣ «ልጡን ረስተውት ነበር።»

ቀኛዝማች ዳገቱን በእግራቸው ወጡት። በማግስቱ፣ በእግር መሄድ ለሹም ክብር ነው ብለው አዋጅ አስነገሩ ይባላል።

ሳያኝኩ የዋጡት ያንቃል፤ ሳያዩ የፈረዱት ያስንቃል።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ጉሮሮዬን በከርከዴ አርሱልኝ።